ስለ ንጉሡ ሠ እና በመሳቢያ ስለተቆለፈ ደብተር

ለልጄ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር
ለወላጅ መምህር ኅብረቱም
ከቱሉ ዲምቱ

ጉዳዩ፦ ባለ 32 ገጽ ደብተር እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

የተከበሩ ርዕሰ መምህር፣

እንደምን ሰነበቱ? የትምህርት ቤቱን ስም እዚህ አልጠራም። የእርስዎንም አልጠራም። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግኩት ሰው ላሳጣ ብዬ አይደለም። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጣሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከጥበቃው ጋር ሻይ እስከመጠጣት ደርሰናል። ስለዚህ እንደ ሙያዬ በጽሑፍ ልሞክር አልኩ።

ሙያዬ ጽሕፈት ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለች አንድ ክፍል ኮምፒውተር፣ ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን ይዤ እውላለሁ። የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ። ከመጠረዜ በፊት ደግሞ አነባለሁ፤ መጥፎ ልማድ ነው፣ ግን ብዙ ነገር ያወቅኩት በዚህ ነው። ለራሴ ማመልከቻ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩን ያስታውሱታል። ባለፈው ወር ስድስተኛ ክፍል ያለችው ልጄና ሁለት ጓደኞቿ ክፍል ውስጥ ከአንድ ደብተር ላይ ሲያነቡ ተያዙ። ሲያነቡ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይስባሉ። ከንፈር ይመጣሉ። መምህሩ የሚያሾፉበት መሰለው። አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን ይመስለኝ ነበር። ደብተሩ ሲገለጥ ደግሞ ባሰ። ፊደሉ የእኛው ፊደል ነው፤ ቃሉ ግን የማንም አይደለም። በአንዳንዱ ፊደል ራስ ላይ ትንሽ ጣሪያ ተሠርቷል። አንዱ ወላጅ «አስማት ይመስላል» አሉ። ሌላው «የኩረጃ ኮድ ነው» አሉ። ደብተሩ እርስዎ መሳቢያ ገባ። ለእኔ ወረቀት ተላከ፤ ልጄ «በማይታወቅ ቋንቋ» ዳግመኛ እንዳትጽፍ ግዴታ እንድገባ።

አልፈረምኩም። ጥፋቱ ቋንቋው አለመታወቁ ከሆነ ላስተዋውቅዎ።

ስሙ ሚሥጥ ነው፤ ልጄና ጓደኞቿ ራሳቸው የፈጠሩት ቋንቋ። ሲያወሩ ወራት ያህል ጆሮዬን ጥዬ ሰምቻለሁ፤ አባት ሲባል ትንሽ ሰላይም ነው። ሚሥጥ 18 ተነባቢዎችና 6 አናባቢዎች አሉት። እኛ ፊደል ገበታው ላይ 33 ረድፍ በ7 ዓምድ፣ ማለትም 231 ፊደል እንቆጥራለን፤ እነ ሏ፣ ሟ፣ ቧን ሳንጨምር። እነሱ 126 አላቸው። ማባዣው በደብተሩ ጀርባ ተሠርቷል፤ የሒሳብ መምህራቸው ቢያዩት ደስ ይላቸዋል። ጨ የወጣው ፈጥኖ ሲወራ ምራቅ ይረጫል ተብሎ ነው። ጀ ለምን እንደወጣ ማናቸውም አያስታውሱም። ር የወጣበት ምክንያት ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ በፊት የገረመኝ ሳድሱ ነው። «ልብስ» ይበሉ። ሦስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። ልን ስንጠራ ከኋላዋ አጭር «እ» ትሰማለች። ብ እና ስ ግን ባዶ ናቸው። አጻጻፉ ይህን አይነግረንም፤ ስለለመድነው ብቻ በትክክል እናነበዋለን። ለተማሪ ሲያስረዱ «ስድስተኛ አናባቢ ነው» ይላሉ፣ ግማሹን ጊዜ ግን አናባቢ የለውም። ልጆቹ ነገሩን በአንድ ቀን ጨረሱት። በሚሥጥ ሳድስ ሁልጊዜ ባዶ ነው። አጭሯ «እ» ከቋንቋው ወጥታለች። ስለዚህ ዓምዱ 7 ሆኖ አናባቢው 6 ነው።

ሌላም አለ። በአማርኛ ግዕዙ ሀ ልክ እንደ ራብዑ ሃ ይነበባል። አ እና ኣ እንዲሁ። ስለዚህ ግዕዝ ድምፁን ለመጻፍ «ኧ» የምትባል ተጨማሪ ፊደል ያስፈልገናል። በሚሥጥ አ ራሷ እንደ ኧ ትነበባለች፤ እንደ በ፣ እንደ ለ፣ እንደ እህቶቿ። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው። እኔ እስካሁን እሳሳታለሁ። ልጄ ስታርመኝ የምታየኝ አስተያየት ለአባት የሚገባ አይደለም።

አሁን ወደ ጣሪያው ልምጣ፤ አስማት ያስባለው እሱ ስለሆነ።

ጣሪያው ማጥበቂያ ነው። እርስዎ የአማርኛ መምህር እንደነበሩ ሰምቻለሁ፤ ይህን ለእርስዎ ማስረዳት ለቀበሮ ጉድጓድ ማሳየት ነው። ግን ደብዳቤው ግልጽ ነውና ለሌሎቹ ልበል። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ አለቃ ነው። «ይበላል» ስንል በዪው ነው ወይስ የሚበላው? ወረቀቱ አይናገርም። ሱቄ ውስጥ በዚህ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቄአለሁ መሰልዎ። ሰው በቃል ሲያጽፈኝ ይገባኛል። ጽፌ ሳነብለት እሱም ይገባዋል። ሦስተኛ ሰው ሲያነበው ግን ሌላ ነገር ይሆናል። በእርግጥ ለማጥበቂያ የሚሆን ምልክት ድሮም አለ፤ በፊደሉ ራስ ላይ የሚቀመጥ ነጥብ። ኮምፒውተሬም ውስጥ አለ። በመዝገበ ቃላት ካልሆነ ማን ይጠቀምበታል? ከጻፍኩት ደግሞ ነጥቡ አጠገቡ ካለው ፊደል ላይ ይወጣል።

ልጆቹ ነጥብ አልፈለጉም። ዝንብ ያረፈበት ይመስላል አሉ። ትንሽ ጣሪያ ሣሉ። ስሙንም «ቆርቆሮ» አሉት። በሚሥጥ «ሚቡ» ውኃ ነው። ብዋ ላይ ቆርቆሮ ሲደረግ «ውኃ መጣ!» ይሆናል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ልጅ ካልሆነ ይህን ማን ያስባል? ቃሉ የጠበቀው ደረጃ ላይ እየሮጡ ስለሚጮኹት ነው፤ ጄሪካን በእጅ ይዞ አላልቶ የሚናገር የለም።

ሐሳቡን ያገኙት ከታክሲ መስኮት ነው። ከሦስቱ አንዷ ቤቷ ውስጥ ኦሮምኛ ነው የሚነገረው። የሰፈራችንን ስም በሁለት ፊደል የተጻፈ ታፔላ ላይ ያሳየቻቸው እሷ ናት። ቱሉ ዲምቱ ማለት ቀይ ኮረብታ ነው። በእኛ ፊደል አምስት ሆሄ ናት፤ ጠበቀች ላላች፣ ረዘመች አጠረች፣ ምንም አትልም። በቁቤ ሲጻፍ ግን ኤሏ ሁለት ናት፤ ስለዚህ ሉ ይጠብቃል። ዲ ላይ ያለችው አይ ሁለት ናት፤ ስለዚህ ይረዝማል። በሁለቱም ቃላት መጨረሻ ዩ ሁለት ሁለት ናት። እኔ እዚህ ሰፈር ስኖር ስንት ዓመቴ ነው! ስሙን በትክክል መጥራት የተማርኩት ከስድስተኛ ክፍል ልጅ ነው። ሱቄ በር ላይ ቆማ ሦስት ጊዜ አስባለችኝ።

ቁቤ በ1984 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ላይ ሲውል ላቲኑ ለጠ፣ ለጨ፣ ለቀ ፊደል አልነበረውም። ስለዚህ ሥራ ፈት ፊደሎች ተቀጠሩ። ኤክስ ጠ ሆነች። ሲ ጨ ሆነች። ኪው ቀ ሆነች። ይህ ብልሃት ነው፤ ያለ ሥራ የተቀመጠውን ፊደል ማሠራት። ልጆቹም ይህን ነገር ይዘው ወደ እኛ ገበታ ዞሩ። ለዸ ድምፅ በእኛም ፊደል ሆሄ ስላለ እሱን እንዳለ ወሰዱት፤ ጓደኛቸው ያለ እሱ አልጫወትም ብላለች።

በነገራችን ላይ፣ እነዚህን የሚፈነዱ ድምፆቻችንን እኛ አንቆጥራቸውም እንጂ ሌላው እንደ ብርቅ ያያቸዋል። በፈረንጆች 2009 ለወጣው አቫታር ለተባለው ፊልም ፖል ፍሮመር የሚባል የቋንቋ ሰው ናቪ የሚባል ቋንቋ ፈጥሯል። ተናጋሪዎቹ በሌላ ዓለም የሚኖሩ ሰማያዊ ፍጡራን ናቸው። እንግዳ እንዲመስሉ ከሰጣቸው ድምፆች ውስጥ ጰ፣ ጠ እና ቀ አሉበት። ላቲኑ ስለማይበቃው ፒ፣ ቲ እና ኬ ላይ ኤክስ ቀጠለባቸው። ሰማይ ቤት ድረስ የሄዱበት ድምፅ እኛ ጋ «ጠላ ቅጂ» ሲባል ይገኛል።

አሁን ወደ ትንፋሹ። በእኛ ገበታ የማን ቦታ እንደያዙ የማይታወቁ ፊደላት አሉ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ሦስቱም በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው። ትግርኛ ተናጋሪ ሐን ዛሬም ከጉሮሮው ለይቶ ያወጣታል፤ እኛ ጋ ግን ልዩነቷ ለፊደል ለቃሚ ካልሆነ አይታወቅም። ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክር ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ደንበኞቼ ዛሬም በ«ፀሐይ» እና በ«ጸሀይ» ይጣላሉ። ልጆቹ መቀነሱንም ማቆየቱንም አልፈለጉም። አሠሯቸው።

«አዎ» ለማለት ምን እናደርጋለን? ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። ስልክ ላይ ሳይቀር። ውጭ አገር ያደገ የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ሲሰማን «ምን አስደነገጣችሁ?» ብሏል። ሌት ተቀን የምናሰማው ይህ ድምፅ ግን ፊደል የለውም። በሚሥጥ አለው፦ ሐ። ከንፈር መምጠጥም አለ፤ ለቅሶ ቤት፣ ዜና ስንሰማ፣ ልጅ ሲወድቅ። እሱ ደግሞ ኀ ነው። ሁለቱ አናባቢ አይቀበሉም፣ ከ18ቱም አይቆጠሩም። ብቻቸውን ቃል ናቸው። መምህሩ ማሾፍ የመሰለው ይህንን ነው። ልጆቹ እያነበቡ ነበር። ገጹ ላይ ሐ ተጽፏል፣ ትንፋሽ ሳቡ። ኀ ተጽፏል፣ ከንፈር መጠጡ።

የኩረጃ ኮድ ነው ላሉትም እግረ መንገዴን ልመልስ። መዝገበ ቃላቱ በእጄ ኮፒ አለ። ውኃ፣ ደረጃ፣ ድመት፣ ጭቃ፣ የመብራት መጥፋት፤ ለእነዚህ ሁሉ ቃል አለ። ለፈተና የሚሆን ነገር የለበትም። ሐ ደግሞ «አዎ» ስለሆነ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያሉ ለመኮራረጅ አይመችም።

አሁን ር ላይ ደረስኩ።

ሁለተኛው ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። ር አትወጣለትም። ስ ሲል ደግሞ አየሩ በምላሱ ጎን ያመልጣል። ግቢ ውስጥ ኳስ ሲጫወቱ ልጆቹ በስሙ አይጠሩትም፤ በድምፁ ነው የሚጠሩት። ልጆች ናቸው፣ ምን ይባላል። እህቱ ግን አንድ ቀን ድንጋይ አንስታ እናቷ ናት ያስጣለቻት። ከዚያ ድንጋዩን ትታ ደብተር አነሳች። ር የሌለበት ቋንቋ ሠራች። እሳቱን ሰ አስወጥታ የወንድሟን ስ አስገባች፤ ፊደልም ሰጠችው፣ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን ንጉሡን ሠ። የቋንቋው ስም ራሱ እሱ «ሚስጥር» ሲል የሚወጣው ድምፅ ነው። በሚሥጥ ሠን አጥርቶ የሚናገር አንድ ሰው ብቻ አለ። እህቱና ጓደኞቿ ገና እየተለማመዱ ናቸው። ሲጠራጠሩ ይጠሩትና «በል እስቲ» ይሉታል። እሱም ይላል። እነሱ ይደግማሉ። እሱ ያርማል።

እኔ ይህን ያወቅኩት ደብተሩ ከተወሰደ በኋላ ነው። ማታ ማታ መጥቶ «ሚሥጥ መቼ ነው የሚመጣው?» ሲለኝ።

ልጄ ይህን ስታደርግ የማታውቀው አንድ ነገር አለ፤ እኔ ከምጠርዘው ጽሑፍ ነው ያገኘሁት። ሊቃውንቱ እንደሚሉት ንጉሡ ሠ በጥንቱ ግዕዝ ከእሳቱ ሰ የተለየ ድምፅ ነበረው። ምን ዓይነት? አየሩ በምላስ ጎን የሚወጣ ስ። ከቀይ ባሕር ማዶ እነ መህሪና ሶቆጥሪ የሚባሉ ቋንቋዎች ይህን ድምፅ እስከ ዛሬ ይናገሩታል። እኛ ጋ ድምፁ ጠፋ፤ ፊደሉ ግን ቀረ። ሠ ባለቤቱን ሲጠብቅ ኖሮ ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ አገኘው ብል ያጋነንኩ ይመስልዎት ይሆናል። ትንሽ አጋንኜ ይሆናል። ግን መርምረው ይዩት።

ርን ማውጣትም ብርቅ አይደለም። ዮሐን ማርቲን ሽላየር የሚባል የጀርመን ቄስ በፈረንጆች 1879 ገደማ ቮላፑክ የተባለ ቋንቋ ሲፈጥር ቻይናውያን ይቸገሩባታል ብሎ ርን ሸሽቷታል። የእንግሊዝኛውን «ወርልድ» ወስዶ «ቮል» አደረገው፤ ር ወጥታለች። እሱ ስለ ሩቅ አገር ሰው አሰበ። የእኔዋ ስለ ወንድሟ። በጣም የሚለያይ ነገር አይደለም።

ደብተር ስለመውሰድ ደግሞ አንድ ታሪክ ልንገርዎት። ሉድቪክ ዛመንሆፍ በፈረንጆች 1859 ቢያሊስቶክ በምትባል ከተማ ተወለደ። በከተማዋ ፖላንዶች፣ ሩሲያውያን፣ ጀርመኖችና አይሁዶች በየቋንቋቸው ይኖሩ ነበር። የእኛን ብሎክ ደረጃ ያስታውሰኛል፤ ምድር ቤት ጉራግኛ፣ ሁለተኛ ፎቅ ወላይትኛ፣ አራተኛ ፎቅ እኛ። ዛመንሆፍ ገና ተማሪ ሳለ ቋንቋ ፈጠረ። በ1878 ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ልደቱን አከበሩለት፤ የእሱን ሳይሆን የቋንቋውን። አባቱ የቋንቋ መምህር ነበሩ። ልጄ ሕክምናውን ትቶ በዚህ ያብዳል ብለው ሰጉ። ለትምህርት ሞስኮ ሲሄድ ደብተሮቹን አስቀሩበት፤ በኋላም አቃጠሏቸው ይባላል። ልጁ ከጭንቅላቱ እንደገና ጻፈው። በ1887 ዋርሶ ላይ «ዶክተር ተስፈኛ» በሚል የብዕር ስም አሳተመው፤ በእነሱ አነጋገር ዶክቶሮ ኤስፔራንቶ። ቋንቋው ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ኤስፔራንቶ 28 ፊደላት አሉት። አንድ ፊደል አንድ ድምፅ፣ አንድ ድምፅ አንድ ፊደል። ቃሉ የሚጎላው ሁልጊዜ ከመጨረሻው ቀለም በፊት ባለው ላይ ነው። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን እሱም ቆርቆሮ ነበረበት። አምስት ፊደላት ላይ ባርኔጣ፣ አንድ ዩ ላይ ጎድጎድ ያለች ምልክት። ማተሚያ ቤቶች እንዲህ ያለ ቁምፊ ስላልነበራቸው ባርኔጣውን አውልቀው ኤች ከጎኑ መጻፍ ተፈቀደ። ይሄ ጣጣ በደንብ ይገባኛል። የደብተሩን ኮፒ በኮምፒውተር ልጽፍላት ሞክሬ ሁለት ቀን ፈጀሁ። ቆርቆሮው እምቢ አለ። በመጨረሻ ፊደሉን ፕሪንት አድርጌ ቆርቆሮውን በእስክሪብቶ አንድ በአንድ ሣልኩ። የሠራሁት ስምንት ገጽ ብቻ ነው፤ ልጄ ያስታወሰችው ያን ያህል ነው። ቀሪው እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ክፍል ውስጥ ማንበባቸው ጥፋት ነው፤ ሦስቱም መምህሩን ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ በአማርኛ። ደብተሩ ከእንግዲህ ወደ ትምህርት ቤት አይመጣም። በምትኩ ገጹ ሳይቀደድ ይመለስልን። የግዴታ ወረቀቱም ይነሳ።  የወላጅ ኅብረቱ አስማት አለመሆኑን ማረጋገጥ ከፈለገ የሚሥጥን የፊደል ገበታ ኮፒ በነጻ አባዛለሁ። በአንድ ኤፎር ወረቀት ይበቃል።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ጋ እሆናለሁ፤ ትንሹን ልጄን ይዤ። ስብሰባ ካለብዎት ደብተሩን ለጥበቃው ቢተዉለትም ይደርሰናል። መልስዎ እሺ ከሆነ ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግም። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ያድርጉ፤ ልጁ ያነበዋል።

ከአክብሮት ጋር
የሁለት ልጆች አባት፣ ጸሐፊ
ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም